በብቸናና በሞጣ የመስኖ ውኃ፤ ከቦይ ወደ ጕድጓድ

ጐጃምን ዓባይ በሦስት ወገን ስለ ከበባት ከጥንት ጀምሮ በውኃ የጠገበች አገር እየተባለች ስትነገር ኖራለች። አባባሉ ካርታ ለሚመለከት ሰው እውነት ነው፤ ለብቸናና ለሞጣ ገበሬ ግን ግማሽ እውነት ነው። ዓባይ በዚህ በኩል የሚያልፈው ከደጋው ጫፍ ብዙ መቶ ሜትር፥ በደጀን በኩልም ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፥ በገደል ውስጥ ስለ ሆነ፥ ወንዙ ለአገሬው ድንበርና መሻገሪያ ሆነ እንጂ የእርሻ ውኃ አልሆነለትም። ከሞጣ ወደ በጌ ምድር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ዓባይን ለመሻገር ብዙ ደከሙ፤ ከእርሱ ውኃ ቀድቶ ማሳ ለማጠጣት ግን ያሰበ አልነበረም።

የአገሩ ውኃ የሚመጣው ከጮቄ ተራራ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለና ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተቈለለ ተራራ ሲሆን፥ ከሥሩ የተነጠፈው የደጋው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ሙጋና ሱሃ፥ ጨሞጋም፥ ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። የዝናሙ ብዛት ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በወንዞቹ ውስጥ የሚታየው ውኃ በክረምት ወደ ምድር ሰርጎ፥ በድንጋዩ ስንጥቅና በድንጋይ ንጣፎቹ መካከል በተኛው ቀይ አፈር ላይ ቀስ እያለ ሄዶ፥ በምንጭነት የሚወጣው ነው። ስለዚህ በጥር ወይም በየካቲት ከወንዝ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ፥ ስሙን አይጥራው እንጂ፥ የሚጠቀምበት የከርሠ ምድር ውኃ ነው። ይህ ነገር ኋላ ለሚመጣው ሐተታ መሠረት ስለ ሆነ አንባቢው ልብ ሊለው ይገባል።

በእነማይና በአካባቢው ያለው ሜዳ መረሬ አፈር ነው። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ጤፍ የሚዘራ ሰው በሐምሌ የሚያስጨንቀው ውኃ ማጣት ሳይሆን ውኃው ከማሳው አልወጣ ማለቱ ነው። ስለዚህም ገበሬው በበሬ የሚያወጣው «ፈሰስ» የተባለው የውኃ መውረጃ ከማናቸውም መስኖ ይልቅ የታወቀ ሆኖ ይገኛል። በፈሰስ ምክንያት የተነሣ ጠብም የቈየ ነው፤ የላዩ ማሳ ያፈሰሰውን ውኃ የታቹ ማሳ ይቀበላልና። አንዱ ለራሱ ጥቅም የሠራው ሥራ በሌላው ላይ የሚያመጣው ጉዳት ለአገሬው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዳኝነቱንም ያውቅበት ነበር። የላዩና የታቹ ባለማሳ በሽማግሌ ፊት ቆመው፥ ውኃው የሄደበት መንገድ በዓይን እየታየ ነገሩ ያልቃል።

መስኖ በዚህ አገር ዋናው እርሻ ሆኖ አያውቅም። ዋናው እርሻ በዝናም የሚበቅለው ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስና ባቄላ ነው። መስኖ የወንዝና የምንጭ ዳር ሥራ ነበር፤ ጌሾ፥ በርበሬ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ኋላም ድንች ያበቅሉበታል። ይሁን እንጂ በስፋቱ አነስተኛ የሆነው ይህ ሥራ በሥርዐቱ ጥብቅ ነበር። ዝናሙ ሲያቆም የቦዩ ተካፋዮች ተሰብስበው ድንጋይ፥ ጭራሮና የሣር ቅርፊት ደራርበው ወንዙን ይጠልፋሉ፤ ቦዩንም ከራሱ እስከ ግርጌው ይጠርጋሉ። ክረምት በመጣ ቍጥር ጎርፍ ጠለፋውን ይወስደዋል። ከውጭ ለሚመለከት ሰው ይህ የድካም ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የሥርዐቱ ሁሉ መሠረት ያለው በዚሁ ነው። ጠለፋው በየዓመቱ እንደ ገና ስለሚሠራ፥ የውኃ ድርሻም በየዓመቱ በጕልበት ይታደሳል። በጠረጋው ቀን ያልወጣ፥ ምትክም ያልላከ፥ በተራው ውኃ ለመጠየቅ አፍ የለውም።

ተራውን የሚያስከብረው የውኃ አባት ይባላል። የሚመረጠውም በተካፋዮቹ ሲሆን፥ የቀንና የሌሊት ተራ ያወጣል፤ የራስጌው ሰው ውኃውን አስቀርቶ የግርጌውን እንዳያስጠማ ይጠብቃል፤ በሌሊት ቦይ ሰብሮ ወደ ማሳው የለቀቀውን ሰው ይከሳል፥ ያስቀጣል። ሥልጣኑ ከውኃው ጋራ የሚሄድ ነው፤ ውኃው በቦይ ውስጥ እስካለ ድረስ የውኃ አባት ይዳኘዋል፤ ከቦዩ ወጥቶ ማሳ ሲገባ ግን የባለማሳው ሆኖ ይቀራል። የሹመቱ ዳር ድንበር የቦዩ ከንፈር ነው ማለት ይቻላል።

ምንጭ ሌላ ሥርዐት አለው። ለመጠጥ የሚሆነው ምንጭ በአጥር ይከበራል፤ ከብት የሚጠጣበት ከበታቹ ይለያል። ጠበል የሆነው ደግሞ ለእርሻ አይነካም፤ በዙሪያው ያለውም ዛፍ አይቈረጥም። በአንዳንድ ቦታ ከጥንቱ ደን የተረፈው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ብቻ ስለ ሆነ፥ የምንጭ መጠበቅና የደን መጠበቅ አንድ ላይ ተያይዘው ቈይተዋል። ዲማ ጊዮርጊስን፥ ደብረ ወርቅንና መርጡለ ማርያምን በመሰሉት ታላላቅ አድባራት ያገለገሉትና የተማሩት ሰዎች ብዛት ሲታሰብ፥ ውኃን ከበረከት ጋራ አያይዞ ማሰብ በዚህ አገር ሥር የሰደደበት ምክንያት አያስቸግርም። የጕድጓድ ውኃ ግን ከእነዚህ ሥርዐቶች በአንዱም ውስጥ የለም። ጕድጓድ የቤት ነው፤ ቆፋሪው የባለቤቱ ወዳጅ ወይም ቅጥረኛ ነው፤ ጐረቤት እንስራ ይዞ ቢመጣ የሚቀዳው በመብት ሳይሆን በጕርብትና ነው። ለዘመናት በዚህ ላይ የተጨመረ ደንብ አላስፈለገም፤ በገመድ የሚቀዳ ውኃ ሌላውን ሰው ሊጎዳ የሚችል አልነበረምና።

ከውኃው ወደ መሬቱ ስንሻገር፥ የብቸናና የሞጣ ታሪክ መለካትን በመፍራት የተሞላ ሆኖ እናገኘዋለን። የጐጃም ርስት ከአቅኚ አባት የሚወርድ የትውልድ መብት ነበር። አሜሪካዊው የሰብእ ጥናት ሊቅ አለን ሆበን በ1953ና በ1954 ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ እንዳጠናው፥ አንድ ሰው መብቱን የሚያስከብረው በትውልድ ቈጠራ፥ በክርክርና በሽማግሌ ፊት በሚያሳየው ብርታት እንጂ በቃላድ በተለካ ወሰን አልነበረም። የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ በሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ ሲመድብ፥ ጐጃም፥ በጌ ምድርና ትግሬ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተፈቀደላቸው። ለጐጃም ገበሬ ይህ ቸርነት ሳይሆን ርስቱ እንዳልተነካ የሚያሳይ ምልክት ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣና የሰብሉን ገቢ የሚገምቱ ሰዎች ወደየአጥቢያው ይላካሉ ሲባል፥ ጐጃም ዐመፀ። ሞጣ፥ ዳሞትና ብቸና ዐመፁ ከበረታባቸው አውራጃዎች መካከል ነበሩ። ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በነበሩበት በዚያን ጊዜ ወታደር ዘመተ፤ አይሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን ገዥው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ፤ አዲሱ ግብር በጐጃም ሳይሠራ ቀረ። የግብሩ መጠን ለዚህ ሁሉ ደም መፍሰስ በቂ ምክንያት አይመስልም ያሉ ነበሩ፤ ነገሩን የሚያስረዳው ግን ገንዘቡ አይደለም። ገበሬው የፈራው ገማች ማሳው ላይ ሲቆም ሰብሉን ቈጥሮ መሬቱን እንዳይለካ፥ መሬቱንም ለክቶ ርስቱን እንዳይወስድ ነው። መለካት የመወሰድ መጀመሪያ ነው የሚለው እምነት በእነዚህ አውራጃዎች በቤተሰብ ትዝታ የታተመ ነው፤ ስለ ውኃም የሚያስብ ሰው ይህን ቸል ሊለው አይገባም።

ከዚያ በኋላ የመጣው እምነቱን የሚያጠናክር እንጂ የሚሽር አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ቀረ፤ መሬቱንም የገበሬ ማኅበር አደላደለው። ቀጥሎም የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲቋቋሙ የተሻለው መሬት ለእነርሱ በቅድሚያ ይሰጥ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኤኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ እነዚሁ ማኅበራት ወዲያው ፈረሱ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ተሸነሸነ፤ ሽንሸናውም ጐጃምን አጥብቆ ነካ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ መሬቱ የተለዋወጠበት ሰው፥ ከማሳው ላይ ነቅሎ ሊወስደው በማይችለው ነገር ላይ ገንዘብና ጕልበት ለማውጣት ቢያመነታ የሚያስደንቅ አይደለም። ጕድጓድ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የማይነቀል ሀብት ነው።

ይህ ማመንታት መልቀቅ የጀመረው ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚያው ዘመን፥ የ1994ና የ1995 ዓ.ም. ድርቅ ካስከተለው ችግር በኋላ፥ መንግሥት በየቤተሰቡ ኩሬና ጕድጓድ እንዲቆፈር ታላቅ ዘመቻ አደረገ። ከኩሬዎቹ ብዙዎቹ ውኃ ሳይዙ ቀሩ፤ አንዳንዱ ፕላስቲኩ ተቀደደ፥ አንዳንዱ በደለል ሞላ፥ ከብትም ሕፃንም የወደቀበት ነበር። ጕድጓዱ ግን ቀጠለ። ለመጠጥ የሚሆነውን የእጅ ጕድጓድና ምንጭ ደግሞ በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ይሠራ የነበረው የገጠር የውኃ አቅርቦት ፕሮግራም፥ በምሥራቅ ጐጃምም የስዊድን መንግሥት የረዳው የገጠር ልማት ፕሮግራም አስፋፍተውታል። በፊንላንዱ ፕሮግራም ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም በኩል ለተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይሰጥ ስለ ነበር፥ ኮሚቴ መርጠው፥ ግንበኛ ቀጥረው፥ ለጥገና የሚሆን መዋጮ ያስቀምጡ ነበር። ለመጠጥ ጕድጓድ የውኃ አባት የሚመስል ነገር በዚህ አኳኋን ተፈጠረለት፤ ለመስኖው ጕድጓድ ግን ማንም አላሰበለትም።

ከዚህ ላይ ሒሳቡን ጥቂት ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ የጕድጓድ ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላልና። በበጋ የበቀለ አትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል እንበል። ይህ በአንድ ሄክታር ላይ 50 ሜትር ኩብ፥ በሩብ ሄክታር፥ ማለት በአንድ ጥማድ ያህል መሬት ላይ፥ 12.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቈጠር 625 ጀሪካን ነው። ጕድጓዱ 10 ሜትር ቢጠልቅ፥ ይህን ውኃ በገመድ የሚስብ ሰው በቀን ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ መጎተት አለበት። የሚችለው ሰው የለም። ስለዚህ በገመድ ዘመን የከርሠ ምድርን ውኃ የጠበቀው ሕግም እምነትም ሳይሆን የሰው ክንድ ነው። ገበሬው በገመድ የሚያጠጣው ጥቂት መደብ ጌሾ ወይም የችግኝ ቦታ ነበር፤ ያንንም በድካሙ ልክ ያጠጣዋል።

በሴኮንድ 5 ሊትር የሚስብ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ይህንኑ 12.5 ሜትር ኩብ በ42 ደቂቃ ያወጣዋል። ወርዱ 1.2 ሜትር በሆነ ጕድጓድ ውስጥ 3 ሜትር ውኃ ቢኖር ግን ሞተሩ በ11 ደቂቃ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ውኃው ከድንጋዩ ስንጥቅ እስኪጠራቀም ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ ወደ ልቡ የሚመጣው ሐሳብ ማሳውን መቀነስ ሳይሆን ጕድጓዱን ማጥለቅ ነው። እርሱ አንድ ሜትር ሲጨምር፥ በቅርብ ያለው ጐረቤት ጕድጓድ ውኃው ይሸሻል፤ ጐረቤቱም ያጠልቃል። ሁለቱም አንድ ሜትር ከቆፈሩ በኋላ ያላቸው ውኃ ከቀድሞው አልበለጠም፤ ወጪው ብቻ በሁለቱም ላይ ጨምሯል። ቆፋሪው ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይህ ሩጫ ያበቃል፤ ጕድጓዱ ከፍ ባለ ቦታ የሆነው ሰው አስቀድሞ ይሸነፋል።

ስለ ምድሪቱም ውኃ እንዲሁ መቍጠር ይቻላል። ከመቶ እጅ የምድር ክፍል ሦስቱ እጅ ሊቀዳ የሚችል ውኃ ይይዛል እንበል፤ ይህ ለምሳሌ የተያዘ ቍጥር ነው እንጂ የብቸና ልኬት አይደለም። በአንድ ሄክታር ውስጥ አንድ ሩብ ሄክታር ብቻ ለመቶ ቀን ቢጠጣ 1,250 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ከጎን የሚሰርገውንና ተመልሶ ወደ ምድር የሚገባውን ሳይቈጥር ውኃው 4 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አራቱም ሩብ ቢጠጡ ወደ 17 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም ከብዙ የእጅ ጕድጓድ ጥልቀት በላይ ነው። ክረምቱ 100 ሚሊ ሜትር ውኃ ወደ ታች ቢያሰርግ በሄክታር 1,000 ሜትር ኩብ ይመልሳል፤ በዚህ ግምት ከመሬቱ አንድ አምስተኛው ብቻ ለመቶ ቀን ሊጠጣ ይችላል ማለት ነው። መረሬ አፈር ደግሞ አንድ ጊዜ ካበጠ በኋላ ውኃ የማሳለፍ ፍላጎቱ ትንሽ ነው። ትክክለኛው ቍጥር ከቦታ ቦታ የሚለያይ ቢሆንም፥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ማሳ ሊያጠጣ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህ አንድ አምስተኛም ቢሆን ነጻ ውኃ አይደለም። ቀደም ሲል እንደ ተባለው፥ በክረምት የሰረገው ውኃ በበጋ ምንጭና ወንዝ ሆኖ የሚወጣው ራሱ ነው። በላይ በኩል በጕድጓድ የተሳበ ውኃ በታች በኩል በቦይ ሳይመጣ ይቀራል። የውኃ አባት በየካቲት ቦዩ ሲሳሳ አይቶ በራስጌ በኩል ቢሄድ፥ ቦይ የሰበረ ሰው አያገኝም። ሌባ በሌለበት ውኃው ጎድሏል። ውኃው በምድር ውስጥ ተሰውሮ ስለሄደ፥ ፈሰስን ይዳኙ የነበሩት ሽማግሌዎችም በዓይን አይተው የሚፈርዱበት መንገድ የላቸውም። ሞተር የገዛው ገበሬ በበኩሉ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አያስብም፤ በገዛ ማሳው፥ በገዛ ገንዘቡ፥ በገዛ ጕልበቱ ቆፍሯልና። ለቤንዚን የከፈለውን ያውቃል፤ ሞተሩን ተከራይቶ ከሆነም የቀኑን ኪራይ ያውቃል፤ የጐረቤቱ ገመድ ስንት ክንድ እንደ ረዘመ ግን በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። የኤኮኖሚ ሊቃውንት በብዙ ቅጽ የጻፉበት የጋራ ሀብት ችግር በብቸና ቋንቋ ሲነገር ከዚህ አያልፍም።

ገበያውም አይረዳም። የመስኖ ሽንኩርትና ድንች በአንድ ወቅት ስለሚደርስ፥ በአንድ ሳምንት ገበያው ይሞላል፥ ዋጋውም ይወድቃል። ማቆያ ቤት የሌለው ገበሬ ሽንኩርቱ ሳይበሰብስ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። የጐደለውን ገንዘብ ለመሙላት በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን ያሰፋል፤ ማሳውን ሲያሰፋ ውኃውን ያጠፋል። ስለዚህ ውኃን ስለ መቈጠብ የሚነገረው ሁሉ ስለ ሽንኩርት ማቆያ ካልተነገረ ጎደሎ ነው። በዚህ ላይ የበጋ ስንዴ በመስኖ እንዲዘራ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከመንግሥት የሚደረገው ግፊት ተጨምሯል፤ ስንዴ በሰፊ ማሳ የሚዘራ እንጂ የመደብ ሰብል አይደለም።

የይዞታ ደብተሩ ነገር ከዚህ ላይ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ደብተር የተሰጠው ገበሬው መሬቱን እንዲንከባከብ ነበር፤ በእርከንና በዛፍ ረገድ እንደ ታሰበው ሆኗል። በውኃ ረገድ ግን መተማመኛው ራሱ ጕድጓዱን አበዛው። መሬቱ ለባለ ይዞታው በእርግጠኛነት ሲጸና፥ ከመሬቱ በታች ያለው ውኃ የማንም ሳይሆን ቀረ።

ሕጉ ይህን ክፍተት ሳያየው አልቀረም፤ ነገር ግን በዙሪያው ዞሮ አለፈው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ መሬቱን የሚያቋርጠውን ወይም የሚያዋስነውን ወራጅ ውኃ ለመስኖ እንዲጠቀምበት ሲፈቅድ፥ ለቤትና ለከብት የሚጠቀሙትን ሰዎች እንዳይጎዳ ወሰነ፤ ይህ ከቦይ ሥርዐት ጋራ የሚስማማ ሐሳብ ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 197/1992 የአገሪቱን ውኃ ሁሉ፥ በምድር ላይም ያለውን በምድር ውስጥም ያለውን፥ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አደረገው፤ ወዲያውም በእጅ የተቆፈረ ጕድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነጻ አወጣ። ዐዋጁ በእጅ የተቆፈረ ሲል ገመድ የሚወርድበትን ጕድጓድ አስቦ ይሆናል፤ ሞተር የተጠመደበት የእጅ ጕድጓድ ግን በቃሉ ነጻ፥ በሥራው ከፈቃድ ጕድጓድ የማይለይ ሆኖ በመካከል ቆመ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ዐዋጅ ቍጥር 841 ለውኃ አባት የዘመናዊ ማኅበር መልክ ሰጠው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ የሚሰበሰበው በአንድ ቦይ ወይም በአንድ ግድብ ተጠቃሚነት ነው። የምድር ውስጥ ውኃ ቦይ የለውም፤ ማን ከማን ጋራ እንደሚካፈል የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፥ ማን የማኅበሩ አባል ይሁን ለማለት ያስቸግራል።

በሌላ አገር የተሠራውን ማየት ይረዳል። በካሊፎርኒያ፥ በሎስ አንጀለስ አጠገብ፥ የከርሠ ምድር ውኃ ከመጠን በላይ ተስቦ የባሕር ውኃ ወደ ጕድጓዶቹ ይገባ ጀመር፤ ተጠቃሚዎቹ በፍርድ ቤትና በማኅበር ተስማምተው የየራሳቸውን ድርሻ ቀነሱ። ኤሊኖር ኦስትሮም በ1965 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፏን የጻፈችው በዚህ ላይ ነው፤ ኋላም በ2009 እ.ኤ.አ. የኤኮኖሚ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ከዚያ ስምምነት ለብቸና ሊወሰድ የሚችለው ግማሹ ነው። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንቡን ማውጣታቸው ለጐጃም አዲስ አይደለም፤ የውኃ አባት ሥርዐት ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሰው የሳበው ውኃ ተለክቶ በመዝገብ መግባቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገማች ወደ ማሳ መምጣቱን በ1960 ዓ.ም. በጦር በመለሰ አገር፥ ቆጣሪ ይዞ ወደ ጕድጓድ የሚመጣ ሹም እንዴት እንደሚታይ መገመት አያዳግትም።

በአገራችንም የሚያስጠነቅቅ ምሳሌ አይታጣም። የሐረማያ ሐይቅ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፥ ለከተማም መጠጥ፥ ከዙሪያው ሲሳብ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ ሜዳ ሆነ፤ ኋላ በከፊል ቢመለስም ትምህርቱ አልጠፋም። ለጐጃም ቅርብ የሆነው ግን የሮቢት ነው። ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን በምትገኘው በዚች ቀበሌ ገበሬዎች በብዙ የእጅ ጕድጓድ ጌሾና ጫት ያጠጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከጕድጓዶቹ ብዙዎቹ ይደርቃሉ። በዚያ የታየው ነገር ውኃው በዓመቱ ክረምት የሚመለስ መሆኑ ነው፤ ጕዳቱ ለዘለዓለም የሚቀር ሳይሆን ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ፥ በየዓመቱም የሚደገም ነው። ብቸናና ሞጣ ከሐረማያ ይልቅ ሮቢትን ይመስላሉ። ስለዚህ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ለመቶ ዓመት የሚሆን የውኃ ክምችት ሳይሆን ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚያደርሰው ነው፤ ይህም ለቀበሌ ሽማግሌዎች አሳብ የሚበዛ ሥራ አይደለም። የተሳበውን ውኃ ከመለካት ይልቅ በጕድጓዱ ውስጥ የቀረውን መለካት ይቀላል፤ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይበቃዋል። የአንዱ ሰው ሰብል ወይም ማሳ ሳይገመት፥ በተስማሙበት ጕድጓድ ውኃው ከተስማሙበት ቋጠሮ በታች ሲወርድ ሞተር በተራ እንዲሠራ ማድረግ፥ የቦዩን ተራ ወደ ጕድጓድ ማውረድ ነው። ተራ ደግሞ በዚህ አገር ማንንም አያስደነግጥም።

የጮቄ ነገር ግን በቀበሌ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ጅባራና አስታ የነበረበት፥ ጓሳ ሣርም እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ የሚያቈይበት ከፍተኛ ቦታ፥ መሬት በማጣት ወደ ላይ የወጡ ገበሬዎች ገብስና ድንች እየዘሩበት ተራቍቷል። እነዚህ ሰዎች ከድኾች ድኾች ናቸው፤ የሚያርሱትም መሬት ዳገትና አሲዳማ ነው። ከበታቻቸው በሜዳው ላይ ሞተር የገዛው ሰው ደግሞ በአንጻሩ የተሻለ ኑሮ ያለው ነው። ጓሳው ቢመለስ የሚጠቀመው የታቹ ነው፤ ማሳውን የሚተወው ግን የላዩ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሚደረገው የተፋሰስ ዘመቻ የሚሠራው እርከንና የውኃ ማስረጊያ ጕድጓድ ሥራውን የሚጠይቀው ከሁሉም ቤተሰብ እኩል ነው፤ ጕድጓድ ያለውም የሌለውም በዚያው ቍጥር ቀን ይወጣል። በቀድሞው ቦይ ግን ጠለፋውን የሠራ ሰው ውኃውን ይካፈል ነበር። አሁን በዘመቻው የሚቀር ሰው ስሙ በቀበሌ ይመዘገባል፤ እርሱ የረዳው ክረምት ወደ ምድር ያስገባውን ውኃ በየካቲት ማን እንደሚስበው የሚናገር መዝገብ ግን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት የለም።